ፈታኝ ጨዋታና በዳይ ጨዋታ



ነገሬን ከቆምንበት ከደብረ ታቦር መሬት ልጀምር። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከሰሜንና ከትግራይ ያሰለፉትን ጦር ይዘው መቀመጫቸውን እዚህ ያደረጉትን ራስ አሊን ሊወጉ ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። ውጊያው ተደረገ። ራስ አሊ ሸሹ፤ ደጃዝማች ውቤ ድል አደረጉ። ድሉን በድንኳናቸው ሲያከብሩ ግን የራስ አሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም አብረው ተያዙ። የሸሸው ወደ ግዛቱ ተመለሰ፤ ያሸነፈው ታሰረ።

ይህን ታሪክ አንድ ጨዋታ ሠሪ ወደ ስልክ አምጥቶት እናንተ ውቤን ሆናችሁ ትጫወታላችሁ እንበል። ታሸንፋላችሁ፤ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ግብሩ ይጣላል። ከአፍታ በኋላ መስኮቱ ላይ «ተማርካችኋል» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ጨዋታው ያልቃል። ትናደዱና ትተዉታላችሁ ወይስ እልህ ይዟችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ? መልሱ ያለው ከብሩ አሊጋዝ ጦር ዘንድ ነው። ያ ጦር ከመጀመሪያው በካርታው ላይ ይታይ ከነበረ፣ ቃፊር ልካችሁ ያለበትን ልታውቁ ትችሉ ከነበረ፣ ሜዳውን አስሶ ከዚያ በኋላ ድንኳን መግባት እጃችሁ ላይ ያለ ምርጫ ከነበረ፣ እናንተም ግብሩን ካስቀደማችሁ፣ ሽንፈቱ ቢመርም የራሳችሁ ነው። በሚቀጥለው ዙር ጠጅ ከመቅዳታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ትቃኛላችሁ። ጦሩ የትም ሳይኖር ከጨዋታ ሠሪው ጭንቅላት ድንገት ከተፈለፈለ ግን ተበድላችኋል። ብትደጋግሙት እንኳ ብሩ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚመጣ ትሸመድዱ እንደሆነ እንጂ ስለ ጦርነት የምታውቁት ነገር አይጨመርም።

ታሪክ ለማንም ፍትሐዊ የመሆን ግዴታ የለበትም። ጨዋታ ግን ሠሪ አለው። ደንቡን የሚያወጣው፣ የሚዳኘውና ባላጋራውን የሚያንቀሳቅሰው ያው አንድ ሰው ነው። ሕግ አውጪው፣ ዳኛውና ባላጋራው አንድ ሲሆኑ መበደል እጅግ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሠሪው ራሱ ሳያውቀው ይበድላል። ስለዚህ እኔ ጨዋታን የምመዝነው እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ በተሸነፈባት ቅጽበት «ለምን ተሸነፍህ?» ብንለው እውነተኛውን ምክንያት በራሱ አፍ ሊነግረን ይችላል? ከቻለ ጨዋታው የቱንም ያህል ቢከብድ ፈታኝ ነው። ካልቻለ የቱንም ያህል ቢቀል በዳይ ነው።

ይህን ሚዛን ከጃፓን ወይም ከአሜሪካ መበደር አያስፈልገንም፤ እዚሁ ደብረ ታቦር በመኳንንቱ ድንኳን ውስጥ፣ ሰንጠረዥ በሚባለው የአገራችን ቼዝ ላይ ነበር። ከውቤ ውጊያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ዋልተር ፕላውደን የተባለ እንግሊዛዊ ቆንስል ሆኖ ወደ ራስ አሊ መጣ። በ1849 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በራስ አሊ መካከል ውል የተዋዋለው እሱ ነው። ስለ አገራችን የጻፈው ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ስለ ሰንጠረዥም ከጻፉት ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በትግራይ የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ጽፎ ነበር። በኋላም ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. የጨዋታውን ታሪክና ደንብ ሰብስበው በሰፊው አወጡት። ወጣቶች ሆይ፣ ጨዋታ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ከማንኛውም የፕሮግራም ትምህርት በፊት የሰንጠረዥን ደንብ እንድትማሩ እመክራለሁ።

ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር እየተሰመረ የሚጫወቱት ነበር፤ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም። መክፈቻው ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የወደዱትን ያህል፣ በወደዱት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ቼዝ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ «እጀ ፈጣኑ ሊያሸንፍ ነዋ!» ብሎ ይቃወማል። ነገር ግን ሁሉም ነገር በጨርቁ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። አንተ በግራ በኩል ስታከማች እኔ አይቼ አሰላለፌን እለውጣለሁ፤ አንተም የእኔን አይተህ ትመልሳለህ። የተሰወረ ጠጠር የለም፤ ከደመና የሚወርድ ጦር የለም። ወረራው ያስጨንቃል፣ ያጣድፋል፣ ይፈትናል፤ አይበድልም።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የማሸነፊያው ደንብ ነው። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ባላጋራህ ከወታደሮቹ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረው ደግሞ ያ ጠጠር 7 ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ጨዋታውን መጨረስ አለብህ፤ አለዚያ ድሉ ያመልጥሃል። በፈረስና በጥግ በሚቆሙት ብርቱዎች ንጉሥ መያዝም እንደ ጥበብ አይቆጠርም ነበር፤ ደካሞቹን አስተባብሮ፣ በተለይም በወታደር መያዝ ነበር የሚያስመሰግነው። ልብ በሉ፤ ደንቡ እያሸነፈ ባለው ሰው ላይ ይከብዳል። ብርቱው በበረታ ቁጥር ፈተናው ይጨምርበታል፤ የተዳከመው ደግሞ እስከ መጨረሻው ተስፋ አያጣም። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ለሁለቱም የታወቀ ነው።

ዛሬ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሠሪዎች ይህንኑ ችግር ሊፈቱ ይደክማሉ፦ ቀዳሚው ሮጦ ካመለጠ በኋላ ጨዋታው ይሞታል። በብዙ ጨዋታዎች የተመረጠው መፍትሔ ድብቅ ነው። ስትቀድም በኮምፒዩተር የሚነዱት መኪኖች ከአቅማቸው በላይ ይፈጥናሉ፣ ስትዘገይ ይጠብቁሃል። ተጫዋቹ ይህን ያወቀ ዕለት ጨዋታው በዓይኑ ይረክሳል፤ በደንብ መንዳቱ ምንም አልጨመረለትምና። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጡት የማሪዮ ካርት ጨዋታዎች ግን ኋላ ለቀረው ብርቱ መሣሪያ በግልጽ ይሰጣሉ፤ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ቀዳሚውም ይህን እያሰበ ይነዳል። አንደኛ የወጣ ሰው በመጨረሻው መታጠፊያ ተመቶ ሲቀደም መጮሁ አይቀርም፤ ያም ሆኖ በምን እንደተመታ ያውቃል። የሰንጠረዥ አባቶች የመረጡት ይህን ዓይነቱን መንገድ ነው። የደካማ አጋዥ ደንብ ይኑር፤ ግን በአደባባይ ይሁን።

አሁን በዳዩ ጨዋታ ከየት እንደመጣ ጥቂት ልበል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃፓንና በአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወቱት ሳንቲም እየከተቱ ነበር። ማሽኑ ገንዘብ የሚያገኘው ተጫዋቹ ሲሞት ነው። ቶሎ ካልሞተ ሌላ ሳንቲም አይገባም። ስለዚህ ሳያስጠነቅቅ የሚገድል ጨዋታ አትራፊ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ካፕኮም ያወጣው «ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ» በዚህ የታወቀ ነው። ተጫዋቹ በስንት መከራ መጨረሻው ደርሶ የመጨረሻውን ባላጋራ ሲጥል ያየኸው ሁሉ ወጥመድ ነበርና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር ይባላል። በቀጣዩ ዓመት ኒንቴንዶ በጃፓን ያወጣው ሁለተኛው የሱፐር ማሪዮ ጨዋታ መርዛማ እንጉዳይ ነበረበት፤ ዕድገት የሚሰጠውን ይመስላል፣ ግን ይጎዳል። የአሜሪካ ቅርንጫፉ ጨዋታው ከመጠን በላይ አስመራሪ ነው ብሎ አልተቀበለውም፤ አሜሪካውያን በ1988 «ሱፐር ማሪዮ 2» ተብሎ የደረሳቸው ፈጽሞ ሌላ ጨዋታ ተለውጦ የተሠራ ነበር።

ሳንቲሙ ቀረ፤ ጠባዩ ግን አልቀረም። ብዙ ወጣት ጨዋታ ሠሪዎች ሰው ቶሎ ቶሎ ከሞተ ጨዋታዬ ከባድ ነው፣ ከባድ ከሆነም ጥሩ ነው ብለው ያምናሉ። በተለይ በ2011 እ.ኤ.አ. ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት «ዳርክ ሶልስ»ን ካወጣ ወዲህ ይህ እምነት ተስፋፋ። ጨዋታው በክብደቱ ስሙ ገነነ፤ ሌሎች ክብደቱን ቀዱና የክብደቱን ምክንያት ሳይቀዱ ቀሩ። በዳርክ ሶልስ ጠላት ከመምታቱ በፊት ክንዱን ያነሣል፤ ሰይፉ ከባድ ከሆነ በዝግታ ያነሣዋል። ስትሞት የሰበሰብከው የጨዋታው ገንዘብ በሞትክበት ቦታ ይቀራል፤ ተመልሰህ ልታነሣው ትችላለህ፣ ሳትደርስ ዳግም ከሞትክ ግን ለዘላለም ይጠፋል። ይህ ሁሉ ይጎዳል። ነገር ግን ተጫዋቹን «ለምን ሞትክ?» ብትሉት «ክንዱን ሲያነሣ እያየሁ ቸኮልኩ» ይላችኋል።

እዚያው ጨዋታ ውስጥ ግን ቤድ ኦፍ ኬኦስ የተባለ ባላጋራ አለ። ከእሱ ጋር ስትዋጋ ምንም ምልክት ሳያሳይ ወለሉ ከእግርህ ሥር ይደረመስና ገደል ትገባለህ። ጨዋታውን እንደ ነፍሳቸው የሚወዱ ሰዎች እንኳ ይህን ክፍል ይጠሉታል። አንድ ሠሪ፣ አንድ ጨዋታ፤ አንዱ ክፍል ያስተምራል፣ ሌላው ይበድላል። ለዚህ ነው «ከባድ ጨዋታ ጥሩ ነው» ወይም «ከባድ ጨዋታ መጥፎ ነው» የሚለው ክርክር የትም የማያደርሰን። እያንዳንዱን ሞት ለየብቻው መርምሩ።

በተቃራኒው ደግሞ ለተጫዋቹ የሚያዳላ ድብቅ ደንብ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሴሌስት» አንዲት ልጅ ተራራ የምትወጣበት እጅግ ከባድ ጨዋታ ነው። ልጅቷ ከገደል ጫፍ ላይ እግሯ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ለጥቂት የሰከንድ ስባሪ መዝለል ትችላለች። በደንቡ መሠረት ወድቃለች፤ ጨዋታው ግን ይቅር ይላታል። ለምን? ተጫዋቹ በሐሳቡ ጫፉ ላይ እያለ ነው ቁልፉን የተጫነው፤ ጣቱ ዓይኑን እስኪከተል ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፍበታል። ያንን ልዩነት ተጫዋቹ እንዲከፍል ማድረግ በደል ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከፈሉለት። ከዚህም ሌላ በዚያው ጨዋታ ፍጥነቱን መቀነስ ወይም ጉልበት መጨመር ለሚፈልግ ሰው የእርዳታ ምርጫ በግልጽ ተቀምጧል። በዚህ የሚያፍሩና የሚቆጡ ተጫዋቾች አሉ። እኔ አልቆጣም። ጣቱ የማይታዘዝለት ሰው ከተራራው ጫፍ የሚያየው ነገር ከእኔ ምንም አይቀንስብኝም።

በቁጥር ላይ ግን እቆጣለሁ። ሲድ ማየር፣ የ«ሲቪላይዜሽን» ጨዋታ አባት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ለጨዋታ ሠሪዎች ባደረገው ንግግር አንድ ነገር አጫውቷል። መስኮቱ ላይ የማሸነፍ ዕድልህ 3 ለ 1 ነው ተብሎ ተጽፎለት የተሸነፈ ተጫዋች «ጨዋታው ተበላሽቷል» ብሎ ያማርራል። ከአራት አንዴ መሸነፍ በሒሳብ ትክክል ነው፤ ለሰው ልብ ግን ትክክል አይደለም። ስለዚህ ሒሳቡን ለልብ ብለው ያስተካክሉታል። «ፋየር ኤምብለም» የተባለው የጃፓን ጨዋታም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ጊዜ አንድ ዕጣ ሳይሆን የሁለት ዕጣ አማካይ እያወጣ መስኮቱ ላይ 90 በመቶ ተብሎ የተጻፈው በተግባር ከ90 እንዲበልጥ አድርጓል። ተጫዋቾች በዚህ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ይህን ከሴሌስት ዝላይ ጋር አንድ አላደርገውም። ሴሌስት ምንም ቁጥር አልነገረችንም፤ እጃችንን ብቻ ታገሠች። ቁጥር ጽፎ ሌላ ቁጥር መመዘን ግን፣ ለእኛ ቢያደላም፣ ሐሰት ነው። በሐሰተኛ ሚዛን የለመደ ተጫዋች የሽንፈቱን ምክንያት መቁጠር አይማርም። ዕድል 75 በመቶ ከሆነ ከአራት አንዴ ያህል መሸነፍ እንዳለ አሳዩት፤ ለዚያ ሽንፈት ደግሞ መጠባበቂያ ጦር የሚያቆምበት መንገድ ስጡት። ያኔ ዕድልም ፈተና ይሆናል።

እዚህ ላይ በትክክል የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ሆን ብለው የሚበድሉ ጨዋታዎች አሉ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውና በማይታመን ወጥመድ የተሞላው «አይ ዋና ቢ ዘ ጋይ» አንዱ ነው። ፖም ወደ ላይ ወድቆ ይገድልሃል። ሰዎች ይህን ወደው ይጫወቱታል። ሚዛኔ እዚህ ይሰበራል? አይሰበርም። ጨዋታው ከደጃፉ ጀምሮ «እበድልሃለሁ» ብሎ ያውጃል፤ የገባው ሁሉ ተስማምቶ ይገባል። በገጠራችን የገና ጨዋታ ቀን ጌታው በሎሌው ዱላ ቢነካ እንዳይቆጣ የሚያስገድደው ልማድ ይህንኑ ስምምነት የያዘ ነው። ሜዳው ላይ የወጣ ሁሉ ዱላው ማንንም እንደማያከብር ያውቃል። በደል የሚሆነው ቃል ተገብቶ ሲፈርስ ነው።

ወደ ከተማችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች እንግባ። በእያንዳንዱ ቤት በጨዋታው ማብቂያ ላይ ጎል ሲቆጠር አንዱ መነሣቱ አይቀርም፦ «ጌሙ አግዞት ነው!» ይላል። ይህ ጥርጣሬ በዓለም ሁሉ አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ተጫዋቾች የፊፋን ሠሪ ኤሌክትሮኒክ አርትስን ጨዋታውን በድብቅ ከተጫዋቹ ችሎታ ጋር ያስተካክላል ብለው ከሰሱት። ኩባንያው አስተባበለ፤ በዚያ ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያለ አሠራር እንደሌለ ለከሳሾቹ ካስረዳ በኋላ በ2021 ክሱ ተነሣ። ክሱ ቀረ፤ ጥርጣሬው ግን በየቤቱ አለ። ይህ ለጨዋታ ሠሪ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል። ፍትሐዊ መሆን አይበቃም፤ ተጫዋቹ ፍትሑን ማየት አለበት። የመጨረሻው ጎል ሲደገም ተከላካዩ የት እንደተሳሳተ ቢታይ፣ ያ ልጅ ከመጮህ ይልቅ ተከላካዩን ለምን እንዳወጣው ያስብ ነበር።

በቤቶቹ ውስጥ ሌላ፣ ምንም ሶፍትዌር የማያስፈልገው በደል አለ፦ ጆይስቲክ። አንዱ አዲስ ነው፤ የሌላው ማዞሪያ ያለ ንክኪ ወደ ግራ ይሄዳል። የተሸነፈ ይከፍላል በሚባልበት ቤት የተበላሸውን የያዘ ልጅ ገንዘቡን የሚከፍለው ለባላጋራው ችሎታ አይደለም። ቤት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ በእረፍት ሰዓት ጆይስቲክ ማቀያየርን ደንብ አድርጉት።

በገንዘብ የሚገዛ ድልንም ሳላነሣ አላልፍም። በፊፋ ውስጥ የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚወጡበትን እሽግ በገንዘብ መግዛት ይቻል ነበር፤ ምን እንደሚወጣ ግን ገዢው አያውቅም ነበር። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ ዓይነቱ ነገር ቁማር ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2019 መጀመሪያ ኩባንያው በቤልጂየም ሽያጩን አቆመ።  ይህን አስቡ፦ ልጁ የተሸነፈው ባላጋራው ስለገዛ ከሆነ የሽንፈቱን ምክንያት ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያርመው በልምምድ ሳይሆን በአባቱ ኪስ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ ሚዛን ይህን ብቻውን አይዝም። ስለዚህ እጨምርበታለሁ፦ ምክንያቱን ማወቅ ብቻ ሳይሆን በራሱ ጥረት ሊያርመው መቻልም አለበት።

አሁን ወደ እኛ ሁኔታ። በውጭ የተሠራ ጨዋታ ደቡብ ጎንደር ሲደርስ ሠሪው ያላሰበው በደል ይጨመርበታል። ርካሽ ስልክ ላይ ምስሉ ይንቀረፈፋል፤ ጣታችሁ ከነካ በኋላ ዝላዩ ይዘገያል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጠላቱ እሳት እንደሚፈራ የተጻፈውን ልጁ አያነብም፤ እሱን «ጎበዝ አይደለም» ማለት ሐሰት ነው። መብራት ይጠፋል፤ ካለፈው ማረፊያ ወዲህ የሠራችሁት ሁሉ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ ያለ ኔትወርክ የማይከፈቱ ጨዋታዎች፣ ብቻህን የምትጫወታቸው እንኳ፣ እንደ ድንጋይ ሆኑ። ይህ ሁሉ ሽንፈት ነው፤ አንዱም ግን የተጫዋቹ ጥፋት አይደለም።

ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሠሪ የለም። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለ ጨዋታ ሠሪ ድርጅት «ኩኩሉ»ን ሲያወጣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ታሪክ ነበር የሠራው፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሩጫው መጨረሻ በሌለው ጨዋታ ሁሉም ሰው መሸነፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ፍትሑ ያለው እንቅፋቱ በስንት ጊዜ አስቀድሞ መታየቱ ላይ ነው። ገበጣ ደግሞ ዕጣም ድብቅም የለበትም፤ ጠጠሩ ሁሉ በጉድጓዱ ውስጥ ይቆጠራል። የተሸነፈ ሰው ከየትኛው ጉድጓድ ማንሣት እንዳልነበረበት መቁጠር ይችላል።

እኔ ከዚህ ከተማ እንዲወጣ የምመኘው ጨዋታ አለ፤ ጠንክራችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል። አፄ ቴዎድሮስ እዚህ አጠገባችን ጋፋት ላይ ሚሲዮናዊውን ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን አስገድደው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀለጡ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መድፉን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት አልፈው፣ ዋድላን አቋርጠው፣ የጅጣን ገደል ወርደውና ወጥተው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በሽሎን ተሻግረው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። መንገዱን እየቆፈሩ ነበር የሄዱት፤ ንጉሡም ራሳቸው በመንገድ ሥራው ይካፈሉ ነበር። ከዚህ የበለጠ ፈተና ማን ሊፈጥር ይችላል?

ይህን በዳይ አድርጎ መሥራት ቀላል ነው። ገመዱ ያለ ምልክት ይበጠስ፤ ዳገቱ ከመጣ በኋላ ብቻ ይታይ፤ ሽፍታ ከየትም ይውጣ። ተጫዋቹ ሠላሳ ጊዜ ይሞትና ይተወዋል። ፈታኝ አድርጎ መሥራት ግን ይህን ይጠይቃል። ከቤተ ሖር አፋፍ ላይ ቆሞ የጅጣን ገደል ከላይ እስከ ታች ይየው። ስንት ሰው በመንገድ ሥራ፣ ስንቱን በገመድ፣ ስንቱን በጥበቃ እንደሚያሰማራ ይወስን። ገመዱ ከመበጠሱ በፊት ይንጣጣ፤ ሰዎቹ ከመዛላቸው በፊት ዝማሬያቸው ይቀንስ። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ስንቁ እንደሚያልቅ ከመጀመሪያው ይታወቅ። ንጉሡን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳር መነሣቱ ይነገረው፤ ቀኑ ሲቀንስ ይታየው። ከዚያ ይክበድ! የሚችሉትን ያህል አክብዱት። ሴባስቶፖል ገደል ስትገባ ተጫዋቹ «ጥበቃውን ቀንሼ ገመድ ላይ ብጨምር ኖሮ» ይበል።

ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የመጀመሪያውን ሙከራ ለጓደኛችሁ አትስጡ፤ ጓደኛችሁ ሐሳባችሁን ስለሚያውቅ የተደበቀውን ያገኘዋል። ለታናሽ እህታችሁ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ጨዋታ ለማያውቅ አጎት ስጡ፤ ባረጀ ስልክ ላይ ይሁን። ከአጠገቡ ተቀመጡና ዝም በሉ። «እዚያ ጋ ተጫን» አትበሉ፤ ገበያ ሲወጣ እናንተ አጠገቡ አትኖሩም። ሲሸነፍ «ለምን ተሸነፍክ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን እንዳለ ጻፉ። «ቸኮልኩ» ካለ ያንን ቦታ አትንኩት። «እንጃ» ካለ ሌሊቱን ሳትተኙ አስተካክሉት፤ ነገ ደግሞ ለሌላ ሰው ስጡ።